መንገዱ የሁላችን ከሆነ ሸክሙም የሁላችን ይሁን

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፉት ሳምንታት ሜትር የያዙ ሰዎች በሠፈራችን ሲመላለሱ፣ አንዳንድ አጥርና ግድግዳ ላይም በቀይ ቀለም ምልክት ሲያደርጉ ሁላችሁም አይታችኋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው እንቅልፍ የለውም። ቡና ላይ ወሬው ይኸው ነው፤ ዕድር ላይ ወሬው ይኸው ነው፤ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን መልስም ወሬው ይኸው ነው። አንዱ «አሥር ሜትር ይገባል» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ሃያ ነው» ይላል። አንዱ «ለማን ተከፍሎ ያውቃል?» እያለ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሌላው ደግሞ «ሚሊዮን ይሰጣል አሉ» እያለ ላም አለኝ በሰማይ ይጫወታል።

በመሆኑም የማኅበራችን ሥራ አመራር ተሰብስቦ ከተነጋገረ በኋላ አቋማችንን ጽፈን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማውጣት ወስነናል። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ብዙዎቻችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፍንም። ይሁን እንጂ አዋጁ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ አንብበነዋል፤ ያልገባንንም የሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን ተረድተናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ መንገድ አንጠላም። መንገድ የሚጠላ ጉራጌ ከየት ይመጣል? አባቶቻችን በ1950ዎቹ ዓመታት «መንግሥት ይሥራልን» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ ማኅበር አቋቁመው፣ አዲስ አበባ ገብቶ የሚነግደውም አገር ቤት የቀረውም ከኪሱ አዋጥቷል። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትም የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው። መኪና የማይገባበት አገር መኪና የገባው በእነሱ ገንዘብና ላብ ነው።

ከዚያም በፊት ጀፎረ ነበረን፤ ዛሬም በየመንደሩ አለን። ጀፎረ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም፤ ለልጆቻችን ግን እንናገር። በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶቹ ከግራና ከቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አድርገው ይሠራሉ፤ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ይተከላል። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ በዓሉም፣ ሸንጎውም እዚያው ነው። አጥሩን ገፍቶ ጀፎረውን የቆረሰ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይቀጣል። እንግዲህ ለጋራ የሚሆን መሬት ማክበርን ሌላ ሰው መጥቶ ሊያስተምረን አይችልም።

ነገር ግን ጀፎረ ሁሉም የሚያከብረው፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ነው። አንዱ ቤቱ ፈርሶ ሌላው የሚደሰትበት አይደለም። የአሁኑ ነገር ከዚህ ይለያል። አስፋልቱ ሲሰፋ ፊት ለፊት ያለው ቤት ይፈርሳል። ከኋላው ያለው ቤት ደግሞ በአንድ ቀን መንገድ ዳር ይሆናል፤ ኪራዩ ይጨምራል፤ ቦታው ይወደዳል። ሁለቱም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ዕድር አባላት ናቸው። አንዱ ጥፋት አላጠፋም፣ ሌላውም ብልሃት አልሠራም፤ መስመሩ እንዲሁ ወጣ። ታዲያ መንገዱን የምንጠቀምበት ሁላችን ሆነን ሳለ ዋጋውን የሚከፍለው ቀይ ቀለም የተቀባበት ሰው ብቻ ይሁን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሰው ሲሞትብን «ሬሳው የራሱ ነው፤ እሱ ይቅበር» አንልም። ድንኳኑን የምንተክለው፣ ንፍሮውን የምንቀቅለው አብረን ነው። ካሳም እንደዚሁ ነው። ካሳ ማለት መንግሥት በሁላችን ስም ከሁላችን ግብር ላይ አንሥቶ፣ ለሁላችን ሲል ቤቱ ለፈረሰበት ሰው የሚከፍለው ነው። ስለዚህ ምጽዋት አይደለም፤ ችሮታም አይደለም። ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው ሙሉውን ነው።

ይህ ነገር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1789 ባወጡት የሰው መብት መግለጫ ላይ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ትክክለኛ ካሳ በቅድሚያ መከፈል አለበት ብለው ጽፈዋል። በአገራችንም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተገቢ ካሳ ሳይከፈለው ማንም ንብረቱ እንደማይወሰድበት ደንግጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ስለማስለቀቅ ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። መሬት ላራሹ መባሉ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱን አንክድም። ለመሬቱ ግን ካሳ አልተከፈለም። በከተማ ውስጥም ዕድሜ ልኩን ነግዶ ሁለት ሦስት ቤት የሠራ ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ሲያስረክብ ያዩ አዛውንቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የሚያስደነግጣቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ተነሡ» የሚል ወሬ ሲሰሙ ቢንቀጠቀጡ አትፍረዱባቸው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል። መሬት የግል ነው የሚል ሰው ካለ ራሱን እያታለለ ነው፤ ያለን ይዞታ ነው። ነገር ግን ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 በጉልበታችንና በገንዘባችን በመሬቱ ላይ የሠራነው ቤትና ያደረግነው ቋሚ ማሻሻያ የራሳችን ነው ይላል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው ይላል። «በቅድሚያ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ።

አሁን የምንዳኝበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ተሽሯል፤ ስለዚህ በዚያ በድሮው የሚያወራችሁን ሰው አትስሙ። ከአዋጁ ውስጥ ሁሉም ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡትን እነሆ፦

አንደኛ፤ ባለይዞታው ይዞታውን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ሥራው ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ሊወያይ ይገባል። መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ውይይቱ ግን አይቀርም። ቀይ ቀለም ውይይት አይደለም።

ሁለተኛ፤ ለቤት የሚከፈለው ካሳ ቤቱን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ቤቱ አሮጌ ነውና በአሮጌ ዋጋ ይታሰብ አይባልም፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ቆርቆሮ ስንት ነበር አይባልም።

ሦስተኛ፤ ከመኖሪያው ለሚነሣ የከተማ ነዋሪ ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጠዋል። ቤት ሠርቶ እስኪገባም የሁለት ዓመት መቆያ ቤት ያለ ኪራይ፣ ወይም የፈረሰው ቤት በኪራይ ቢታሰብ የሚያወጣው የሁለት ዓመት ገንዘብ ያገኛል። በድሮው አዋጅ ይህ የአንድ ዓመት ብቻ ነበር።

አራተኛ፤ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ድሮ የ5 ዓመት አማካይ ተወስዶ በ10 ነበር የሚባዛው።

አምስተኛ፤ ሥራው ለተቋረጠበት ስለ ኢኮኖሚ ጉዳቱ፣ ከጎረቤቱና ከዕድሩ ለተለየም ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል አዋጁ ይፈቅዳል። ይህ በድሮው አዋጅ ያልነበረ፣ የሚመሰገን ነገር ነው።

ስድስተኛ፤ ግምቱ ያላጠገበው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያመለክታል። በዚያ ካልረካ ለይግባኝ ሰሚው ጉባዔ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይሄዳል። በየደረጃውም ቀን የተቆረጠ ነው። ሰላሳ ቀን ደግሞ አጭር ነው፤ ለቅሶና ሠርግ ስንል ያልቃል።

ሕጉ ይህን ያህል ካለ ምን ቀረ ትሉ ይሆናል። የቀረ አለ፤ አስተያየታችንም እሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የቦታው ነገር ነው። ሁለት ቤት አስቡ። ሁለቱም ባለ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ናቸው። አንዱ አስፋልት ዳር፣ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ ሌላው ከከተማው ጫፍ፣ መብራት ያልገባበት ቦታ ነው። በጭቃና በቆርቆሮ ከገመትናቸው ሁለቱ እኩል ናቸው። በእንጀራ ከገመትናቸው ግን ሰማይና ምድር ናቸው። አንዲት እናታችን በር ላይ ሻይና ዳቦ ሸጠው አራት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። በስብሰባችን ላይ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ቤቱማ ጭቃ ነው፤ እኔን ያኖረኝ በሩ ነው» አሉን። ከዚህ የተሻለ ልንናገር አንችልም። ምትክ ቦታ ከከተማ ጫፍ ሲሰጥ ጭቃው ይተካል፤ በሩ አይተካም። መሬቱ የግላችን ስላልሆነ የቦታው ዋጋ አይከፈለን ቢባል እንኳ፣ ምትኩ ገበያ በሚደርስበት ቦታ እንዲሆንና የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳው ደህና ተቆጥሮ እንዲከፈል መጠየቅ መብታችን ነው። እኛ በንግድ የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ከመንገድ ዳር ያራቀን እንጀራችንን ነው የሚያርቀው።

ሁለተኛው የእንሰት ነገር ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በዳር ያሉት ገበሬ ወገኖቻችን ሳያውቁት የከተማ ሰው ይሆናሉ። እንሰት እንደ ስንዴ በዓመት የሚታጨድ አይደለም። ከችግኙ ጀምሮ እየተነቀለ፣ እየተዛወረ፣ አራት አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ዘንድሮ ያልተፋቀ እንሰት «ገቢ የለውም» ተብሎ ከታለፈ የብዙ ዓመት ድካም በዜሮ ተባዛ ማለት ነው። ዜሮ ደግሞ በ15ም ቢባዛ በመቶም ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። እንሰቱን የምታውቀው ሴቲቱ ናት፤ ስንቱ ለዘንድሮ፣ ስንቱ ለከርሞ እንደሆነ ለይታ ትናገራለች። ስለዚህ ገማቾች ሲመጡ ባልየው ብቻ ሳይሆን ሚስትም ቆማ እንድታስቆጥር እንጠይቃለን።

ሦስተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። በኋላ በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1336፣ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ቢሆን እንኳ ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልልና ወደ ከተማ አስተዳደር ዞሯል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልላችን በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመ ገና አዲስ ክልል ነው፤ የከተሞቻችንም ኪስ እንደ አዲስ አበባ አይደለም። ገንዘቡ ከየትኛው ካዝና ይውጣ የሚለውን መንግሥት ከመንግሥት ጋር ይጨርሰው። ለእኛ የሚታየን ግን አደጋው ነው፤ «በጀት ሲለቀቅ ይከፈላችኋል» የሚል መልስ ከመጣ በቅድሚያ የምትለዋ ቃል ጠፋች ማለት ነው። ኑሮ በየወሩ በሚወደድበት ጊዜ ዓመት የዘገየ ካሳ ግማሽ ካሳ ነው። ገንዘብ ከሌለ ማፍረሱ ይቆይ። ቤቱ ለአንድ ዓመት ቢቆም የሚጎዳው ሰው የለም፤ ሰው ለአንድ ክረምት ሜዳ ላይ ቢቀር ግን ይጎዳል።

ካሳ ሲበላሽ የሚበላሸው የአንድ ሰው ኑሮ ብቻ እንዳይመስለን። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በታሰበው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ምክንያት ምን እንደደረሰ እናስታውሳለን። በጥቂት ካሳ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ ቁጭት በዚያ ውስጥ ነበረበት። የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ቀረ ተባለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ዘልቋል። ልማቱ ሊያምር ይችላል፤ የሚያምረው ግን የተነሣውም ሰው ተመልሶ ሲያየው «እሰይ» ማለት ሲችል ነው።

እስካሁን የሌላውን ተናገርን፤ አሁን የራሳችንን እንናገር፤ ቅር አይበላችሁ።

ቀይ ቀለሙ ከተቀባ ወዲህ በሌሊት ቆርቆሮ ሲመታ እንሰማለን። ለካሳ ተብሎ በአንድ ሌሊት ሰርቪስ ቤት የሚያቆም፣ ጥግ ለጥግ ባሕር ዛፍ የሚሰካ ሰው አለ። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት ያዋረደን ይበቃናል። የውሸት አንድ ክፍል ስትቆም የእውነቱ ሃያ ክፍል ይጠረጠራል። ገማቹ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው» ብሎ ከመጣ የሻይ ሻጯን እናታችንን ቤት ቀንሶ ይገምታል። ለገማች እጅ የሚያስጨብጥም ሰው አለ ይባላል። የሱ ግምት ከፍ ሲል በጀቱ ያው ነው፤ የሚጎድለው ከጎረቤቱ ነው። ይህን እያደረገ ዕድር ላይ አብሮን የሚቀመጥ ሰው ራሱን ይጠይቅ።

የወረቀት ነገርም አለብን። ካርታ የሌለው፣ ካርታው በሟች አባት ስም የቀረ፣ የግብር ደረሰኙን አይጥ የበላበት ብዙ ነው። ወንድማማቾች ውርስ ሳይጨርሱ ዓመታት ያልፋሉ፤ ካሳ ሲመጣ ግን ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ለግብር ጊዜ «ንግድ የለኝም» ብሎ የማለ ሰውም ለካሳ ጊዜ «ብዙ እሸጥ ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ይሄ የራሳችን ጥፋት ነው።

ተከራዮችንም አትርሱ። ካሳው ለባለ ይዞታው ነው፤ የግል ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ግን ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል። እሱም የሠፈራችን ሰው ነው፣ መዋጮም ከፍሎ ያውቃል። ባለቤቶች ነገሩን እንደሰማችሁ ለተከራዮቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ የመጨረሻውን ወር ኪራይ ብትተዉለት ደግሞ እግዜርም አላህም ይወደዋል።

ስለዚህ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚከተለውን እንድታደርጉ እናሳስባለን፦

1. ካርታችሁን፣ የግብር ደረሰኛችሁንና የውርስ ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ኮፒ አስነሡ። አንዱን ኮፒ ለማኅበሩ ስጡ፤ እንመዘግበዋለን።

2. ቤታችሁን፣ አጥራችሁን፣ ጉድጓዳችሁን፣ ዛፋችሁንና እንሰታችሁን ዛሬውኑ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ፎቶ ያለው ያንሣ። መጻፍ ለማይችሉ ተማሪዎቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ ይጽፉላቸዋል።

3. ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ግምቱ በዝርዝር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱ የደረሳችሁን ቀን ከጀርባው ላይ ጻፉ። ሰላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

4. ለደላላ አትሽጡ። «ነገ ይፈርሳል፤ ዛሬ በዚህ ዋጋ ስጠኝ» የሚላችሁ ሰው እናንተ የማታውቁትን የሚያውቅ ነው።

5. ካሳው ሲመጣ ባልና ሚስት አብረው ይቀበሉ፤ ባንክ በሁለታችሁ ስም ይግባ። በአንድ ወር ያለቀ ካሳ ዕድሜ ልክ ያስለቅሳል።

6. አቤቱታ ያለው ሰው ብቻውን አይሂድ። ለማኅበሩ ያሳውቅ፤ ሽማግሌ ይዘን፣ ወረቀት ይዘን፣ በሥርዓት እንሄዳለን። ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ካለ ግን ከእኛ ጋር አይደለም።

ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም በአክብሮት የምንለው ይህ ነው። ኑና አወያዩን፤ አንነክስም። መስመሩ የት እንደሚያልፍ በግልጽ ለጥፉልን። ገማቾቻችሁ በቀን፣ ሽማግሌ ባለበት ይቁጠሩ። ከፍላችሁ አፍርሱ እንጂ አፍርሳችሁ አታስጠብቁን። ይህን ካደረጋችሁ አጥሩን ራሳችን ነቅለን እናስረክባለን፤ መንገዱ ሲመረቅም ጀፎረው ላይ እንደምናደርገው ወጥተን እንጨፍራለን።

የፊታችን እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ በዚሁ ጉዳይ እንወያያለን። ቀለም ያልተቀባባችሁም ኑ፤ በተለይ እናንተ ኑ። ዛሬ መስመሩ በጎረቤት በኩል አለፈ፤ ነገ በማን በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ከሰላምታ ጋር
ስለ ማኅበሩ ሥራ አመራር፣ የማኅበሩ ጸሐፊ
ወልቂጤ